አመል ያልነው ሕመም ሲሆን፦ ከውሾቻችንና ከድመቶቻችን ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቡቺ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አላስነካ አለ። ስድስት ዓመት አብሮን የኖረ ውሻ ነው። ልጆች ጆሮውን ሲጎትቱት እንኳ ዝም ነበር የሚለው። እህቴ አንገቱን ልታሻሸው ጠጋ ስትል ከንፈሩን ገልብጦ አጉረመረመባት። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተናገረ፦ «አመል አወጣ»። አባዬ «ይታሰር» አለ፤ ታሰረ።

በአራተኛው ቀን ምግቡን በአንድ ጎን ብቻ ሲያኝክ አየሁት። ያኘከው ቁራሽ ከአፉ ይወድቃል፤ መልሶ ያነሳዋል። በግራ ዓይኑ ሥር ጉንጩ እብጥ ብሏል። ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። የኋላ ጥርሱ ተሰንጥቆ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ጥርሱ ወጣለት። በሳምንቱ ቡቺ የድሮው ቡቺ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ «አመል» የሚለውን ቃል ስሰማ ቆም እላለሁ። እኛ ጅማ ውስጥ ውሻ ግቢ የሚጠብቅበት፣ ድመት ከኩሽና የማትጠፋበት ቤት ብዙ ነው። እንወዳቸዋለን። ግን ሕመማቸውን ክፋት፣ ፍርሃታቸውን ጥጋብ እንለዋለን። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔም ጎረቤቶቼም ስንሠራው የኖርነውን ስህተት ነው።

ማጉረምረሙን መቅጣት

ውሻ ሲያጉረመርም ከተመታ ማጉረምረሙን ያቆማል። ፍርሃቱ ወይም ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ያጠፋነው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ይነክስና «ድምፅ ሳያሰማ ያዘኝ» እንላለን። ድምፅ እንዳያሰማ ያስተማርነው ግን እኛው ነን።

ውሻ ከማጉረምረሙም በፊት ብዙ ይናገራል። ፊቱን ያዞራል። ምግብ ሳያይ ከንፈሩንና አፍንጫውን ይልሳል። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። የዓይኑ ነጭ ከጎን ይታያል። መጨረሻ ላይ መላ ሰውነቱ ድርቅ ይላል። ልጅ ውሻ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ስታዩ የውሻውን ፊት እዩ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ልጁን በእርጋታ አንሱት። ውሻውን አትቆጡት። የነገራችሁን ሰምታችሁታል፤ እሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

«ጭራውን ከቆላ አይነክስም» የሚለውም ልክ አይደለም። ከወገቡ ጀምሮ ላላ ብሎ የሚወዛወዝ ውሻ ደስ ብሎታል። ጭራውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ በትንሹ የሚያንቀጠቅጥ ግን ተወጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ያስገርመኛል፦ ውሾች ጌታቸውን ሲያዩ ጭራቸውን ይበልጥ ወደ ራሳቸው ቀኝ ይቆላሉ፤ የማያውቁትን ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ደግሞ ይበልጥ ወደ ግራ።

ካለፈ በኋላ መምታት

ከሥራ ስንመለስ ጫማው ተበልቷል። ውሻው አንገቱን ደፍቶ፣ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ ያየናል። «ጥፋቱን ያውቃል፤ ዓይኑን እዩት» እንላለን።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ይህንኑ ፈትሻለች፤ ጥናቷ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። ጥፋተኛ የሚመስለው ፊት የመጣው ውሻው ስላጠፋ አልነበረም፤ ጌታው ስለተቆጣው ነው። የተከለከሉትን ምግብ ያልነኩት ውሾችም ሲቆጧቸው ያው ፊት ታየባቸው። እኛ ጸጸት ያልነው የእኛን ቁጣ ፍርሃት ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ የመጣ ዱላ ውሻውን ስለ ጫማ አያስተምረውም፤ የሚያስተምረው እኛ ወደ ቤት ስንገባ መፍራትን ነው። ጫማውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና የሚያኝከው ነገር መስጠት ከሁሉም ይቀላል።

ቀን ሙሉ በሰንሰለት

«ከታሰረ ይከፋል፤ ከከፋ ይጠብቃል» የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ አይችልም። የቀረው መንገድ መናከስ ብቻ ነው። ሌባውንም፣ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበውንም፣ ኳሱን ሊያነሳ የመጣውን የጎረቤት ልጅም አይለይም። በኛ ከተማ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ነው። አቮካዶ ዛፍ ሥር በአንድ ሜትር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ወራቱን ጭቃ ላይ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። እግሩ ይቆስላል፤ ቆዳው ይላጣል። ሌሊት ጅብ አጥር ከጣሰ ደግሞ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም።

አጥር ካለ በሩን ዘግቶ መፍታት ነው። ከሌለ ከጫፍ ጫፍ ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ እንዲንሸራተትበት ማድረግ ይቻላል። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣሪያ ያለው ማደሪያም የግድ ነው።

የወጥ ትራፊ

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በፍቅር የምንሠራው ስህተት ነው። ወጣችን የሚጀምረው ከሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። መቀቀል ወይም ማቁላላት መርዙን አያጠፋውም። ውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ ጉዳት ይታያል። ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ አንድ ሁለት መካከለኛ ሽንኩርት ማለት ነው። ድመት ደግሞ በኪሎ 5 ግራም ይበቃታል። ለአራት ኪሎ ድመት ከአንድ ትንሽ ሽንኩርት ያነሰ ነው። ትንሽ ትንሹም በየቀኑ ሲሰጥ ይጠራቀማል።

ምልክቱ ወዲያው አይመጣም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሻው ይዝላል፤ ሲተነፍስ ያለከልካል፤ ሽንቱ ወደ ቀይ ወይም ቡናማ ይሄዳል። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። ነጣ ካለ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። እኛ ቤት አሁን ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት የነሱን ድርሻ እናነሳለን፦ የተቀቀለ ብጥስጣሽ ሥጋ፣ ሩዝ ወይም ቂንጬ፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ። ተጨማሪ ሥራ የለውም።

የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል፤ አትስጡ። ግቢያችሁ አቮካዶ ካለ የወደቀውን ልቀሙ፤ የውስጥ ፍሬው ከተዋጠ አንጀት ይዘጋል። ጅማ ሆነን ቡናን መርሳት አይቻልም፤ ቡናም አተላውም ለነሱ መርዝ ነው። የልብ ምታቸው ይፈጥናል፤ ይንቀጠቀጣሉ።

በበዓል፣ ፋሲካም ይሁን ዓረፋ፣ በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ይገኛል። «ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። ያ ውሃ የቋጠረ ነገር የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ አፈር ላይ በሚጫወት ልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል። የልጁ ጉበት ላይ ያው ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል፤ ዓመታት ቆይቶም እስከ ቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሳንባ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አርቃችሁ ቅበሩት። ለአዋቂ ውሻ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ስጡ።

«አይጥ ትያዝ» ብሎ ድመትን ማስራብ

ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም። ጠግባም ታድናለች፤ ተፈጥሮዋ ነው። የተራበችው ግን ጉልበት የላትም። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የግድ ያስፈልጋታል፤ እንጀራና ዳቦ ውስጥ ደግሞ የለም። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፤ ልቧ ይደክማል። በሁዳዴ ቤት ሥጋ አይገባም። ያኔም ለእሷ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ከሥጋ ቤት ጥቂት የሆድ ዕቃ መፈለግ አለብን። ወተት ደግሞ አብዛኛውን አዋቂ ድመት ያስቀምጣል። ውሃ ይሻላታል። የአይጥ መርዝ ካስቀመጣችሁም የሞተውን አይጥ የምትበላው እሷ መሆኗን አስቡ።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ታማም እንደተደሰተች ሁሉ ታንኮራፋለች፤ ስለዚህ ማንኮራፋቷ ብቻ ደህና ናት አያሰኝም። ምግብ መተው፣ መደበቅ፣ ጸጉሯን ማጽዳት መተው፣ እነዚህን ጠብቁ።

አንድ ወንድ ድመት ነበረን። አንድ ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ አፈር ጫረና ቁጢጥ አለ፤ ተነሳ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደገና ቁጢጥ አለ። ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል። የሚወጣ ነገር የለም። ጎረቤታችን እማማ «ድርቀት ነው ልጄ፣ ዘይት አጠጪው» አሉኝ። አጠጣሁት። በማግስቱ ምንጣፍ ላይ ጠብታ ሽንት ጣለ። ተናደን ወደ ውጭ አስወጣነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ድርቀት አልነበረም፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ነው። ወንድ ድመት ሽንት እምቢ ሲለው በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ያኔ ባውቅ ኖሮ በመጀመሪያው ሰዓት ባጃጅ አስቁሜ እሮጥ ነበር። ምንጣፍ ላይ የሸና ድመት ብዙ ጊዜ ሊበቀለን ሳይሆን አሞት ነው።

የሰው መድኃኒትና የግቢ ሙያ

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያጣራው አይችልም፤ አንድ ክኒን ትገድላታለች። አይቡፕሮፌንም ለሁለቱም አይሰጥ። የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ሁሉ ለድመት አይሆንም፤ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለበት ይጥላታል። ዕከክ የያዘውን ውሻ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም በነጭ ጋዝ መቀባት፣ ለከብት መዥገር በሚረጭ ኬሚካል ማጠብ እዚህም እዚያም ይታያል። ውሻው ቆዳውን ይልሳል፤ ይመረዛል። ዕከክ በመርፌና በክኒን የሚድን በሽታ ነው። የእንስሳት ሐኪም የሚሠለጥንባት ከተማ ውስጥ እየኖርን ነዳጅ መቀባት የለብንም።

የእብድ ውሻ በሽታን በአረፋ ብቻ መለየት

ብዙ ሰው የሚጠብቀው አፉ አረፋ የደፈቀ፣ መንገድ ለመንገድ የሚሮጥ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው አለ። ግን ዝም ብሎ የሚያብድም አለ። ጥግ ይይዛል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ። አትክተቱ። ለማዳ የነበረው በድንገት ቢሸሽ፣ ቁጡው በድንገት ቢለሰልስ፣ ድምፁ ቢለወጥ፣ ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። በሽታው ድመትንም፣ ላምንም፣ አህያንም ይይዛል። ቡችላም አያመልጥም።

ከተነከሳችሁ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ትንሽ ጭረት ናት ብላችሁ አትተዉ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ከትቦታል፤ ልጁም በሽታው ሳይዘው ቀርቷል። ጠበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሁን። ክትባቱ የብዙ ቀን ነው፤ አታቋርጡት።

የነከሰውን ውሻ ቸኩሎ መግደልም ስህተት ነው። ለሰው በማያሰጋ ቦታ ተዘግቶ 10 ቀን ይጠበቅ። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ክትባቱን ለማቆም የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ውሻችሁን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ ከዚያ በየዓመቱ። ቀኑን ልጆች በሚያዩት ካላንደር ላይ ጻፉት።

ቡችላን በወሩ መውሰድ፣ በማዳበሪያ ማውጣት

ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይ። ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ከሦስተኛው እስከ አስራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያየውን ሁሉ እንደ መደበኛ ይቀበላል፦ ልጅ፣ ጃንጥላ፣ የባጃጅ ድምፅ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው። በዚህ ጊዜ ተቆልፎበት ያደገ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ይፈራል።

ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ነው። ያልተፈለጉ ቡችሎች ዓይናቸውን ሳይገልጡ በማዳበሪያ ተቋጥረው አዌቱ ወንዝ ዳር ሲጣሉ አይቻለሁ። ማምከን ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። «አንድ ጊዜ ትውለድ» የሚባለው ለጤናዋ የሚጨምረው ነገር የለም። ያን ቀን ከማዳበሪያው ውስጥ አንዷ ታለቅስ ነበር። ቤት ወስጄ በሲሪንጅ ወተት እያጠባሁ አሳደግኳት። አሁን ከቡቺ ጋር ናት፤ ተከትባለች፤ መክናለች። እንግዳ ሲመጣ እሱ ይጮኻል፤ እሷ ከኋላው ቆማ ፊቱን ታያለች።