የዳክዬ ጉዝጓዝ ወደ አትክልት መደብ እስኪደርስ

የዳክዬ ጉዝጓዝ ደርቆ አያውቅም። ኩሱ ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው፤ በዚያ ላይ ዳክዬ ምንቃሯን መጠጫው ውስጥ እየነከረች ዙሪያውን ስታረጥብ ትውላለች። ትንሽ ችላ ካልነው ቤቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይሞላዋል። ሽታው አሞንያ ነው። አትክልቱ ሊበላው የነበረው ናይትሮጂን በንፋስ እየሄደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሳይሸት በፊት ደረቅ ገለባ እደርብበታለሁ።

«የዳክዬ ኩስ እንደ ዶሮ አያቃጥልም፣ ትኩሱን ጨምሩት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ውሃ ስለሚበዛበት ናይትሮጂኑ የሳሳ ነው፤ ሥር የማቃጠል ዕድሉ ያንሳል። ሆድ የሚያሳምሙት ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የተባሉት ጀርሞች ግን ለዚህ ግድ የላቸውም። ሰላጣና ካሮት ደግሞ ጥሬያቸውን ነው የሚበሉት። እኔ የምመራው በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ነው፦ ያልተብላላ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የሚበላው ክፍል አፈር ለሚነካ አትክልት እስከ ለቀማ ቢያንስ 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን።

ስለዚህ ጥሬውን ባዶ መደብ ላይ ብቻ ነው የማለብሰው፤ አራት ጣት ያህል፣ ያውም ቀጣዩ ተከላ ሩቅ ሲሆን። ገለባ ከሆነ ችግር የለም። ሰጋቱራ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ከሆነ ግን ከአፈሩ ጋር አትቀላቅሉት። እንጨት ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጂን ይሻማል፣ ችግኙም ቢጫ ይሆናል። ከላይ ሲተኛ ያን ያህል አይጎዳም።

ዋናው መንገድ መከመር ነው። ቁመቱም ጎኑም አንድ ሜትር ያልሞላ ክምር በደንብ አይግልም፤ ዳክዬዎቻችሁ ጥቂት ከሆኑ አጠራቅማችሁ ባንዴ ከምሩት። ከመከመሬ በፊት አንድ ጭብጥ አንስቼ እጨምቃለሁ (በጓንት፣ እባካችሁ)። በጣቶቼ መሃል ውሃ ከወረደ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ይጨመርበታል። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። እጄን ስከፍት ከተበታተነ ውሃ ይፈልጋል፤ በዳክዬ ጉዝጓዝ ግን ይህ እምብዛም አያጋጥምም።

ከዚያ ረጅም ቴርሞሜትር መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ተከታተሉ። ያው ደንብ እየተገላበጠ ለሚብላላ ክምር ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይወርድ 15 ቀን፣ በዚያ ጊዜም ቢያንስ 5 ጊዜ መገላበጥን ይጠይቃል። ስታገላብጡ የዳሩን ወደ መሃል አስገቡ፤ ዳሩ አይግልምና ጀርሙ እዚያው ይቀራል። ካበቃ በኋላም ቀዝቅዞ አፈር አፈር እስኪሸት፣ ገለባው ከኩሱ እስከማይለይ ድረስ አትንኩት።

የሚዋኙበትን ውሃ አትድፉት። ግን እሱም ያው ጥሬ ፍግ ነው፤ ለፍራፍሬ ዛፍ ሥር እንጂ ቅጠላ ቅጠል ላይ አይረጭም።

ገለባው ከማን እርሻ እንደመጣም ጠይቁ። አሚኖፒራሊድ የተባለው አረም ማጥፊያ በገለባ ውስጥ ይቆያል፤ ማብላላትም ቶሎ አያጠፋውም፣ ቲማቲምና ባቄላን ያጨማድዳል። እኔ ከክምሩ ጥቂት ከአፈር ጋር ቀላቅዬ በጣሳ ባቄላ እዘራበታለሁ፤ ጎን ለጎን ደግሞ በንጹህ አፈር ሌላ ጣሳ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ተጠቅልለውና ተጨማደው ከወጡ ያ ክምር አትክልት መደብ አይገባም፣ ሣር ላይ ይበተናል።