የሰፈር ጎርፍ መውረጃን በስዊም እንዴት እንደሚነድፉ

ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲጥለቀለቅ የሁሉም ሰው ፍርድ አንድ ነው፦ «ቱቦው ጠቦ ነው።» ሊሆን ይችላል። ግን ቱቦው በቂ ሆኖ መግቢያው በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል። ወይም ወንዙ ራሱ ሞልቶ መውጫውን ዘግቶት። መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የሰፈሩን ውሃ በኮምፒውተር የሚያስመስል ሞዴል የሚሠራው ሳይቆፍሩ ለመለየት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ስዊም (SWMM) የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ዝናብ ወደ ቦይና ቱቦ እንዴት እንደሚወርድ ያሰላል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1971 ወጣ። ዛሬም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በነፃ ይሰጠዋል፤ ዊንዶውስ ላይ ይጫናል። ሥራችሁ የመጠጥ ውሃ መስመር ከሆነ የዚያው ተቋም ኢፓኔት ይሻላል። የወንዝ ሙላት ከሆነ ደግሞ ሄክ-ራስ የተባለው ፕሮግራም።

ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ቀበና ወንዝ የሚወርድ 6 ሄክታር ሰፈር አለን እንበል።

1. መጀመሪያ በእግር ዙሩ

ከተቻለ ዝናብ እየጣለ። ማንሆሎችን አስከፍቱ፤ ጥልቀታቸውን፣ የቱቦውን ስፋት፣ የደለሉን ከፍታ ለኩ። ባለሱቆችን ጠይቁ፦ «አምና ውሃው እስከየት ደረሰ?» ግድግዳው ላይ በጣታቸው ያሳዩአችኋል። ያቺን ከፍታ መዝግቡ፤ በኋላ ሞዴሉን የምትፈትኑባት ናት።

ከኢንተርኔት በነፃ የሚገኘው የሳተላይት ከፍታ መረጃ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። የትኛው ተዳፋት ወደየት እንደሚወርድ ለማየት ይበቃል። ለቦይ ወለል ግን አይሆንም፤ ለዚያ ሰርቬየር ከነመሣሪያው ይምጣ። የግቢ አጥር ውሃውን ወደ ጎረቤት መንገድ ሲያዞረውም ሳተላይቱ አያይም። እናንተ ታያላችሁ።

2. መለኪያውን አስተካክሉ

ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚጠብቃችሁ በአሜሪካ መለኪያ፣ በኩቢክ ጫማ ነው። አንድም ቁጥር ሳታስገቡ ወደ ሜትር ኩብ በሰከንድ ቀይሩት። ዘግይታችሁ ብትቀይሩ ያስገባችሁትን ቁጥር አይቀይርላችሁም።

3. ሰፈሩን ሳሉ

ሥዕሉ ቀላል ነው። ሰፈሩን ውሃው በሚሰበሰብበት ልክ ትከፋፍሉታላችሁ፤ ይህ ሰብካችመንት ይባላል። ማንሆሉ ጃንክሽን፣ ቱቦው ወይም ቦዩ ኮንዲዩት፣ ወንዝ ላይ ያለው መውጫ አውትፎል ነው። ለእያንዳንዱ ጃንክሽን የወለሉን ከፍታ፣ ለእያንዳንዱ ቱቦ ርዝመት፣ ቅርፅና የማኒንግ ቁጥር (ግድግዳው ሻካራ በመሆኑ ውሃውን ምን ያህል እንደሚይዘው የሚያሳይ ቁጥር) ትሰጣላችሁ። ለኮንክሪት ቱቦ 0.013፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ለተገነባ ቦይ 0.025 አካባቢ ያስኬዳል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ሰብካችመንቱ «ስፋት» ሲጠየቅ ነው። የመሬቱን የቆዳ ስፋት በካሬ ሜትር ወስዳችሁ ለውሃው ረጅም የገጽ ጉዞ አካፍሉት። 1 ሄክታር መሬት ላይ ውሃው ቦይ እስኪያገኝ 100 ሜትር ከተጓዘ መልሱ 100 ሜትር ነው። ውሃ የማያሰርገውንም በመቶኛ ትሰጣላችሁ፤ ቆርቆሮ፣ አስፋልት፣ ሲሚንቶ የተደረገ ግቢ። ኮብልስቶን ላይ ጠንቀቅ በሉ። ክፍተቱ ሲታይ የሚያሰርግ ይመስላል፤ ሥሩ ተጠቅጥቆ ከሆነ ግን ያን ያህል አትመኑት።

4. ዝናቡን ስጡት

የኢትዮጵያ መንገዶች የድሬኔጅ ዲዛይን ማንዋል አገሪቱን በዝናብ ክልል ከፍሎ የዝናብ ጥንካሬ ኩርባዎችን ይዟል፤ ዝናቡ በቆየበት ጊዜ ልክ ምን ያህል እንደሚበረታ ያሳያሉ። የስንት ዓመት ዝናብ (በአማካይ በስንት ዓመት አንዴ ለሚጥል ዝናብ) እንደምትነድፉ ከዚያ ወስኑ። የአካባቢው ልኬት ካስፈለገ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ፕሮግራሙ ዝናቡን በጥንካሬ ወይም በመጠን ይቀበላል። በ10 ደቂቃ 12 ሚሊ ሜትር ከጣለ ጥንካሬው በሰዓት 72 ነው። 72 ጽፋችሁ «መጠን» የሚለውን ከመረጣችሁ ዝናቡን ስድስት እጥፍ አደረጋችሁት። ሶፍትዌሩ ምንም አይላችሁም፤ እሺ ብሎ ያሰላዋል።

5. አስኪዱትና በእጅ አረጋግጡ

ስሌቱን «ዳይናሚክ ዌቭ» ላይ አድርጉት፤ የጊዜ ርምጃው፣ ማለትም ፕሮግራሙ በየስንት ጊዜው እንደሚያሰላ፣ ጥቂት ሰከንድ ይሁን። «ኪነማቲክ ዌቭ» ይፈጥናል፣ ግን ከወንዙ ወደ ኋላ የሚመለስ ውሃን አይረዳም። እኛ ደግሞ ያ ነው የሚያስፈራን። አውትፎሉ ላይም ወንዙ ሲሞላ የሚደርስበትን ከፍታ አስገቡ። ባዶ ወንዝ ላይ የሚያፈስ ሞዴል ሁሌም ቆንጆ ውጤት ያሳያል።

ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የገባውና የወጣው ውሃ ልዩነት በመቶኛ ይወጣል። 10 ከደረሰ ውጤቱን አትመኑ። ከ1 ወይም ከ2 በታች ከሆነ ደህና ነው።

ከዚያ ካልኩሌተር አውጡ። ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር፣ መሬቱ 6 ሄክታር፣ ወደ ቦይ የሚሮጠው ድርሻ 0.75 ከሆነ፦ 0.75 × 60 × 6 ÷ 360 = 0.75 ሜትር ኩብ በሰከንድ (360 መለኪያውን ለመቀየር ብቻ ነው)። ሞዴሉ 7 ካለ የሆነ ቦታ ዜሮ በዝቷል። 0.6 ወይም 0.9 ካለ ቀጥሉ።

6. ቱቦውን ምረጡ

ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ቱቦ በ1 በመቶ ቁልቁለት ወደ 0.61 ሜትር ኩብ በሰከንድ ያሳልፋል። አይበቃንም። በ2 በመቶ ግን ወደ 0.87 ይደርሳል፤ ይበቃል። ባለ 80 ሳንቲው በ1 በመቶ እንኳ 1.3 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ላይኛው ቁልቁል ላይ 60፣ ወንዙ አጠገብ ሜዳው ላይ 80። ወደታች ሲወረድ ቱቦ ማጥበብ ክልክል ነው፤ ላይ የገባው ቆሻሻ እዚያው ነው የሚወተፈው።

ፍጥነቱንም እዩ። 4 በመቶ ቁልቁለት ላይ 60 ሳንቲው ሞልቶ ሲሄድ በሰከንድ ከ4 ሜትር ያልፋል። ይህ ደለል ተሸክሞ ቱቦውን ይበላል። መስመሩን አለዝቡትና ማንሆሎቹ ውስጥ ደረጃ ስጡ።

ሌላ ነገር፦ ከማንሆል የሞላው ውሃ ካልታዘዘ በቀር ከስሌቱ ይጠፋል። የታችኛው ሰፈር ደረቅ መስሎ ይታያችኋል። አስፋልቱን እንደ ሁለተኛ ቦይ ሳሉት፤ ያኔ ባለሱቁ ካሳያችሁ ከፍታ ጋር ታስተያዩታላችሁ።

7. በቆሸሸ ቱቦ ድገሙት

እኔ ይህን ሳላይ የሚቀርብ ዲዛይን አልፈርምም። ከቅርፆቹ ውስጥ «ፊልድ ሰርኩላር» የሚባል አለ፤ ሥሩ በደለል የተሞላ ክብ ቱቦ ማለት ነው። 20 ሳንቲ ደለል ስጡትና አስኪዱ። ሰፈሩ ከተጥለቀለቀ ሁለት ምርጫ አለ፤ ቱቦውን ማስፋት፣ ወይም ከሰኔ በፊት የሚጠርግ ሰው በበጀት መያዝ። ሁለተኛው ይረክሳል። ጠራጊው መግባት እንዲችል ግን ማንሆሎቹን አታራርቁ።

ሲያልቅ ሥዕሉን ብቻ አታስረክቡ። የስዊም ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። ከነፋይሉ ስጡ፤ ከርሞ መንገዱን የሚያሰፋው መሐንዲስ ከዜሮ አይጀምርም።