የደም ካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለጉበታቸው ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ጉበትን የመጉዳት ባሕርይ አላቸው። ጉዳቱ ቶሎ ከታወቀ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ወይም መድኃኒቱን ለጊዜው አቁሞ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል፤ የሚከፋው ሐኪሙ ያላወቀው ነገር ሲኖር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስህተት ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት መሮጥ ነው። የዓይን ቢጫ መሆን፣ እንደ ጠቆረ ሻይ ያለ ሽንት፣ የቆዳ ማሳከክ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም መድኃኒቱ ጉበትን መጉዳት መጀመሩን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ፣ በዚያው ቀን ለሐኪም መነገር አለባቸው። የተወቀጠ ሥር ከተጠጣ በኋላ ግን ጉዳቱን ያመጣው ሥሩ ይሁን ኪኒኑ መለየት ያስቸግራል፣ ውድ ጊዜም ያልፋል።

ሁለተኛው ጫት ነው። በድሬዳዋና በሐረር ከበርጫ መቅረት ከወዳጅ እንደ መራቅ ስለሚቆጠር፣ ምክሩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። በመድኃኒት የተጫነ ጉበት ላይ ይህን መጨመር አይገባም፤ የሚቅም ሰውም ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ ከሚደብቅ ይልቅ በግልጽ ቢናገር እጅግ ይሻለዋል።

ፓራሲታሞልን ያለ ምክር ደጋግሞ መውሰድም አደገኛ ነው፤ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም አለና ሳይታሰብ መጠኑ ይደራረባል። በተጨማሪም የደም ካንሰር ሕመምተኛ ትኩሳት ሲይዘው ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ እንጂ በቤት ማስታገስ የለበትም።

አንዳንድ ሕመምተኞች ከደም ካንሰር መድኃኒቶች መካከል መርካፕቶፑሪንን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴትን ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወስዳሉ። ሜቶትሬክሴትን በስህተት በየቀኑ መዋጥ መቅኔን፣ አፍንና ጉበትን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ የሚዋጥበትን ዕለት ስም በማሸጊያው ላይ በጉልህ መጻፍ ይገባል።

ሌላው ደህና ነኝ ብሎ የደም ምርመራን መዝለል ነው። ኢማቲኒብ የተባለውን የደም ካንሰር ኪኒን በሚወስድ ሰው የጉበት ኢንዛይሞች (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚበዙ ንጥረ ነገሮች) ምንም ሕመም ሳይሰማው ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ከመደበኛው ጣሪያ 5 እጥፍ ሲያልፉ ወይም ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ከ3 እጥፍ ሲበልጥ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆማል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ካንሰሩን መልሶ ሊያነሣው ይችላል።

ሕክምናው ሳይጀመር የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አለማድረግም ስህተት ነው፤ የተኛው ቫይረስ በሕክምናው ወቅት ሊቀሰቀስ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ለሁለቱም ሐኪሞች መናገር አለበት፤ ምክንያቱም ከነቀርሳ መድኃኒቶቹ ሪፋምፒሲን የኢማቲኒብን መጠን በደም ውስጥ በእጅጉ ሲቀንስ፣ አይሶኒያዚድ ደግሞ በራሱ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።