ለወንድ ጥንዶች፦ ከኮንዶም በፊት ወሬው፣ ከስሕተት በኋላ 72 ሰዓቱ

አብረው የቆዩ ሁለት ወንዶች ኮንዶም የሚተዉት ተነጋግረው ወስነው አይደለም። አንድ ማታ ያልቃል፣ በማግስቱም ሳይገዛ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ "እኛማ እንተማመናለን" ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ግምት እንደሚለው፣ በወንዶች መካከል ከሚተላለፈው ኤች አይ ቪ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከቋሚ ጓደኛ ነው። ከእንግዳ ጋር የሚወጣው ኮንዶም ከቤት ሰው ጋር ይረሳል።

መጀመሪያ ሁለታችሁም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመርመሩ። ለሦስት ወር ኮንዶም ሳታቋርጡ ቆዩና እንደገና ተመርመሩ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሚያመርተውን መከላከያ ነው። በቅርቡ የተያዘ ሰው ነጌቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ ለሌላው የማስተላለፍ ዕድሉ ደግሞ ያኔ ነው ከፍ የሚለው። ኮንዶም ስለ መተው የሚወራው ሁለተኛው ውጤት በእጅ ሲሆን ነው።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራው በነፃ ነው። የሰፈር ዓይን የሚያስፈራው የድሬዳዋ ልጅ ሐረር ወጥቶ፣ የሐረሩም ድሬዳዋ ወርዶ መመርመር ይችላል፤ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብሮ መግባት ግድ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል ነውና፣ ለምርመራ "ያለ ኮንዶም ግንኙነት ፈጽሜአለሁ" ማለት ይበቃል፤ የጓደኛን ስም መጥራት አያስፈልግም። ፊንጢጣ ላይ ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም ሕመም ካለ ግን ቦታውን በግልጽ ተናገሩ። የሽንት ምርመራ እዚያ ያለውን ኢንፌክሽን አያገኘውም፤ ሳይታከም የቆየ ቁስል ደግሞ ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል። በሳሙና ውስጥን ማጠብም ስስ የሆነውን ሽፋን ይልጠዋል፣ ተዉት።

ኮንዶም ድሬዳዋ ላይ የሚበላሸው በሙቀት ነው። የኋላ ኪስ፣ ቦርሳ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ባጃጅ ውስጥ የከረመ ኮንዶም አይታመንም፤ ቤት ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ከመክፈታችሁ በፊት የሚያበቃበትን ቀን አይታችሁ እሽጉን በጣት ጫን በሉት፤ ውስጡ ያለው አየር ጣታችሁን መልሶ ካልገፋ ተበስቷል ማለት ነው። በጥርስ አትክፈቱ። ጫፉን ቆንጥጣችሁ አየሩን አስወጥታችሁ እስከ ሥሩ አውርዱት፤ ስትጨርሱ ሳይላላ፣ ሥሩን ይዛችሁ ውጡ። ሁለት ደርቦ ማድረግ እርስ በርስ አፋትጎ ይቀደዳል።

ከኮንዶሙ ይልቅ የሚዘነጋው ማለስለሻው ነው። ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ የፀጉር ቅባት፣ የምግብ ዘይት ላቴክሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክሙታል። ምራቅ ቶሎ ይደርቃል። ፋርማሲ ውስጥ በውኃ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ጄል ጠይቁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ከውጭ ቀቡ፣ ሲደርቅ ጨምሩ።

አሁን ወደ ስምምነቱ። ምርቃና ላይ ሁሉ ነገር ይቻላል ይባላል፣ ጨብሲ ላይ ደግሞ ሁሉ ነገር ይረሳል። ስለዚህ ጫት ሳይቀመጥ፣ ጠዋት ተነጋገሩ። ከሌላ ሰው ጋር መሆን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ከተፈቀደ ሁልጊዜ በኮንዶም ነው? አንዳችሁ ሚስት ካለው እሷም በሒሳቡ ውስጥ ናት፤ ያልተነገራት ሰው ራሷን መጠበቅ አትችልም። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ደንቡንም ብቻውን የሚያወጣ ከሆነ ሌላው "እሺ" ቢልም አይታመን፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ምንም አይነግራችሁም።

ከሁሉ የሚከብደው የስሕተቱ አንቀጽ ነው። "ከሌላ ጋር ከወጣህ አለቀ" የሚል ደንብ ያላቸው ጥንዶች ዘንድ የወጣው ሰው ዝም ይላል፣ ዝምታውም ሦስት ቀን ይበላል። ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው ፔፕ የተባለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እንግዲህ ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ የተሳሳተው በዚያው ቀን ይናገራል፣ የሰማው ደግሞ ያን ማታ አይጣላም። መጀመሪያ ሆስፒታል፤ ጠቡ ነገም አለ። እስከሚቀጥለው የሦስት ወር ውጤት ኮንዶም ይመለሳል።

መጋለጡ የሚደጋገም ከሆነ ቀድሞ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት፣ ፕሬፕ፣ ይሻላል፤ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ለወንዶች ሌላም አወሳሰድ አለ፦ ከግንኙነቱ በፊት ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍሬዎች ከተዋጡ ከ24 ሰዓት በኋላ አንድ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ግን ይህኛውን መንገድ አይጠቀም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ጉበቱ ሊታመም ይችላል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይመርመር። በአገራችን ፕሬፕ በቅድሚያ ከተፈቀደላቸው መካከል ውጤታቸው የተለያየ ጥንዶች ስላሉ፣ በምትገለገሉበት ጤና ተቋም ጠይቁ።

አንዳችሁ ፖዘቲቭ ከሆናችሁ ነገሩ ብዙዎች ከሚያስቡት ቀላል ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ፣ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከ200 በታች የወረደና እዚያው የቆየ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ከ76,000 በላይ ያለ ኮንዶም ከተፈጸመ ግንኙነት ውስጥ ከጓደኛው የተያዘ አንድም አላገኘም። ለቂጥኝና ለጨብጥ ግን ይህ አይሠራም።

ዶልቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለበት ፍሬ አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሣል፣ ጫትም ከተጨመረበት ሌሊቱ ይረዝማል፤ ጠዋት መዋጥ ይሻላል። በረመዳን ሱሑር ላይ ይሁን። የጨጓራ ማስታገሻና የብረት ፍሬ ከሱ ጋር አብረው አይዋጡ፤ መድኃኒቱን ከነሱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ስድስት ሰዓት በኋላ ውሰዱት። ጓደኛውም "ዋጥክ?" እያለ በየቀኑ አይጠይቅ፤ በሁለተኛው ሳምንት ያልዋጠም "አዎ" ማለት ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ የቫይራል ሎድ ቀጠሮውን ቀን ሁለታችሁም እወቁት።