የኪስ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የሌንሱን ዙሪያ አንብቡ

ያገለገለ የኪስ ካሜራ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው የሜጋፒክስሉን ብዛት ነው። እሱን ተዉትና በሌንሱ ዙሪያ የተጻፉትን ጥቃቅን ቁጥሮች ተመልከቱ። በሚሊ ሜትር የተጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር 4 ወይም 5 አካባቢ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚቀርጸው ክፍል) ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከ9 እስከ 11 ከሆነ ግን «1 ኢንች» የሚባለው (13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር) ወይም ከዚያ የሚበልጥ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በስፋት የትንሹን አራት እጥፍ ያህላል! በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሶኒ አርኤክስ100 ላይ የምታገኙት 10.4-37.1 የሚል ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያንኑ ትዕይንት በሰፊ ሴንሰር ላይ ለመሙላት ሌንሱ ረዘም ያለ የትኩረት ርቀት ያስፈልገዋል፤ በሌንሱ ዙሪያ በሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥርም ይኸው ርቀት ነው።

ይህ ዛሬ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። አዳዲስ ስልኮች በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶዎችን አንስተው ያዋህዳሉ፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ትንሽ የሆነ ካሜራ ማታ ወይም ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ስልካችሁን የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ኪሱ ውስጥ ካለው ስልክ የባሰ ፎቶ ሲያነሳ ማየት ያሳዝነኛል።

በቀን ብርሃን ወፍ ወይም የሩቅ ነገር ለማንሳት ከሆነ ግን ትንሹን አትናቁ፤ ሌንሱ ሩቁን አቅርቦ ማሳየቱ ይክሳችኋል። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ 24 ወይም 28 ብለው የሚጽፉት የሌንሱን ትክክለኛ የትኩረት ርቀት ሳይሆን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ልክ የተሰላውን አቻ ቁጥር ነው፤ እነሱ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም።