የቤት ኤስፕሬሶ ማሽናችሁ ኖራ መያዙን እንዴት ታውቃላችሁ?

ማሽኑ እንደ ድሮው አላወርድ ሲል አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ቡናውን ነው። ቡናው ቆይቷል፣ አፈጫጨቱ ልሟል፣ አቆላሉ አላማረም ይባልና ወፍጮውን መነካካት ይጀመራል። ብዙ ጊዜ ግን ቡናው ምንም አላጠፋም። ችግሩ ውስጥ፣ ውሃው በሚሞቅበትና በሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ላይ የተጋገረው ነጭ ኖራ ነው። ስለዚህ ቡናውን ከመውቀሳችሁ በፊት አውጡትና ውሃውን ብቻውን ፈትኑት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በድንጋይና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል። ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ አይታዩም። ሲሞቅ ግን በውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ካልሲየሙ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ በጋለው ብረት ላይ ይጣበቃል። ኤስፕሬሶ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል፣ ለወተቱ እንፋሎት ደግሞ ከ100 በላይ መሄድ አለበት። ስለዚህ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ኖራው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ውሃው ጥርት ያለ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ የሟሟ ካልሲየም በዓይን አይታይም።

መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን ክፈቱ

የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያችሁን ክዳን አንሱና ታችውን እዩ። ነጭ ወይም ግራጫ ቅርፊት ካለ፣ ያንኑ ውሃ የሚጠጣው ማሽናችሁም ውስጥ አለ ማለት ነው። ማንቆርቆሪያው ሲፀዳ በስንት ጊዜው ተመልሶ እንደሚነጣ አስተውሉ፣ የማሽናችሁን ፍጥነት በግምት ይነግራችኋል።

ውሃው እንደየቦታው ይለያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ጋር አንድ አይደለም፣ የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ማዕድኑ ይበዛል። ድሬዳዋና መቀሌ የኖረ ሰው ደግሞ ነጭ የሆነ ማንቆርቆሪያ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ውጭ አገር ላላችሁም ያው ነው፤ የለንደን ውሃ ከባድ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ነው፣ የሲያትል ውሃ ቀላል ነው። ቁጥር ከፈለጋችሁ ርካሽ የሆነውን የውሃ መለኪያ ወረቀት ነክራችሁ አንብቡት። በሊትር ከ60 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት በታች ከሆነ ቀላል ውሃ ነው፣ ከ180 በላይ ከሆነ በጣም ከባድ።

ውሃውን ብቻውን ፈትኑት

ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ታንከሩን ሙሉት፣ ማሽኑ በደንብ ይሙቅ። ቡናው የሚገባበትን እጀታ አውልቁ። መስመር ያለበት የመለኪያ ብርጭቆ ከሥሩ አስቀምጡና ለ20 ሰከንድ ውሃ ልቀቁ። ስንት ሚሊሊትር ወረደ? ጻፉት። ማሽኑ አዲስ ሳለ የለካችሁት ቁጥር ካላችሁ ማወዳደር ነው፣ ከሌላችሁ ከዛሬ ጀምሩና ወረቀቱን ታንከሩ ጀርባ ላይ ለጥፉት። አንዳንድ ማሽኖች ሲጀምሩ ቡናውን ለማርጠብ ሆን ብለው ቀስ ስለሚሉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አሠራር ለኩ።

አወራረዱንም እዩት። ጤነኛ ማሽን ውሃውን በወንፊቱ፣ ማለትም ከእጀታው በላይ ባለው ባለ ቀዳዳ ብረት፣ በሙሉ እኩል ያወርዳል። በአንድ በኩል ብቻ የሚወርድ፣ ጠብ ጠብ የሚል፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ግን ወዲያው ኖራ ነው አትበሉ! ማሽኑን አጥፍታችሁ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወንፊቱን የያዘውን ብሎን ፍቱ። ጥቁር ቡናማ፣ የሚያጣብቅና የሚሸት ነገር ካገኛችሁ የቡና ዘይት ነው፣ እሱን ሙቅ ውሃና የማሽን ማጽጃ ያነሳዋል። ወንፊቱን ሳትመልሱ ደግማችሁ ውሃ ልቀቁ። አሁን ውሃው በደንብ ከወረደ ጥፋቱ የወንፊቱ ነበር። አሁንም ከቀጠነ ግን ችግሩ ወደ ውስጥ ነው፣ ኖራ መሆኑም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ውሃው ብቻውን በደንብ እየወረደ ቡና ሲገባበት ብቻ የሚያቅተው ከሆነስ? ያኔ ማሽኑን ተዉትና ወፍጮውን አስተካክሉ። ለመነሻ ያህል 18 ግራም ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ 36 ግራም አካባቢ ማውጣት አለበት።

እንፋሎቱ፣ ሙቀቱ፣ ድምፁ

ማኪያቶ የምትሠሩ ሰዎች ምልክቱን ቀድማችሁ ነው የምታዩት። ወተቱ ድሮ ቶሎ ይሞቅ ነበር፣ አሁን እንፋሎቱ ያለቃቅሳል፣ ውሃ ይበዛዋል፣ አረፋውም ትልልቅ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ የእንፋሎት ቱቦውን ጫፍ እዩ። የደረቀ ወተት ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸው ይሆናል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በመርፌ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ። ከዚያም በኋላ ካልበረታ ኖራውን መጠርጠር ነው።

ሙቀቱ ላይ ደግሞ፣ ኖራ በማሞቂያው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሆን ሙቀቱ ወደ ውሃው በደንብ አያልፍም። ማሽኑ ዝግጁ ነኝ የሚለው መብራት እስኪበራ ይዘገያል፣ ስኒው ለብ ብሎ ይመጣል፣ ክሬማው (ቡናው አናት ላይ የሚሆነው አረፋ) ይሳሳል፣ ጣዕሙ ይጎመዝዛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና በተፈጥሮው ኮምጠጥ ይላል፣ ያ ጉድለት ሳይሆን የቡናው ውበት ነው። ስለዚህ ጣዕሙን የምትፈትኑት ለረጅም ጊዜ በለመዳችሁት ቡና ይሁን።

ድምፁ ሲቀየርም ልብ በሉ። ፓምፑ ከበፊቱ በላይ እያጓራ ውሃው ግን ካነሰ፣ እየገፋ ያለው የተዘጋ መንገድ ነው። ታንከሩ ባዶ ሲሆንም እንደዚያው ስለሚጮህ መጀመሪያ ውሃ መኖሩን አረጋግጡ። ሌላው ደግሞ ቡናው ሲያልቅ «ፍሽሽ» ብለው የቀረውን ግፊት ወደ ታችኛው ትሪ የሚተፉ ማሽኖች አሉ። ያ ድምፅ ከጠፋ፣ ቡናው እጀታው ውስጥ ጭቃ ሆኖ ከቀረ፣ ግፊቱን የሚለቀውን ቫልቭ የኖራ ስብርባሪ ወይም የቡና ዱቄት ይዞታል። እንዲህ ሲሆን እጀታውን ወዲያው አትፍቱት። ግፊቱ ውስጥ ስላለ ትኩስ ቡና ሊረጭባችሁ ይችላል።

በአቼቶ አረጋግጡ

ትሪው ላይ፣ ታንከሩ ውስጥ ወይም የሙቅ ውሃ መውጫው ዙሪያ ነጭ ነገር ካያችሁ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል አድርጉበትና ጠጋ ብላችሁ እዩት። ኖራ ከሆነ ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ይፈላል። የወተት ቅሪት ከሆነ ዝም ይላል። ለማረጋገጥ ብቻ ነው ታዲያ! አቼቶ በማሽኑ ውስጥ ማሳለፍ አልመክርም፣ ሽታው በጎሚኒዎቹ ውስጥ ገብቶ ቡናውን ለብዙ ቀን ያበላሻል።

ስለ መብራቱም ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ማሽኖች ኖራውን አያዩትም፤ ያለፈውን ውሃ ቆጥረው ነው መብራቱን የሚያበሩት። ውሃው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በትክክል ካልተሞላላቸው ወይ ያለጊዜው ያበራሉ፣ ወይ ይዘገያሉ። መብራት ሁሉም ስለ ኖራ አይደለም፤ ብሬቪል ባሪስታ ኤክስፕረስ ላይ ያለው «ክሊን ሚ» የሚለው መብራት የቡና ዘይትን በማጽጃ ክኒን ስለማጠብ ነው የሚያስታውሰው። መመሪያውን አንብቡ።

ኖራ መሆኑ ከታወቀ በኋላ

አምራቹ የሚያዘውን የኖራ ማስለቀቂያ ተጠቀሙ፣ ወይም መመሪያው ከፈቀደ 20 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ግማሹን በቡናው መውጫና በእንፋሎት ቱቦው አሳልፉ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ 20 ደቂቃ ያህል ይረፍ፣ ከዚያ የቀረውን ጨርሱ። በሁለት ሙሉ ታንከር ንጹህ ውሃ አጥቡት። ብዙ የተጋገረ ከመሰላችሁ ለስለስ ባለ መጠን ሁለት ጊዜ ድገሙት እንጂ አሲዱን አታጠንክሩ፣ ትልልቅ ስብርባሪ በአንዴ ከተላቀቀ ቫልቩን ይዘጋዋል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ በጭራሽ እንዳታስገቡ፣ ብረቱን ይበላል፣ ለጤናም አደገኛ ነው። ትልቅ ቦይለር ያላቸውን አንዳንድ ማሽኖች ደግሞ አምራቾቹ ቤት ውስጥ በአሲድ አትጠቡ ይላሉ፣ እነሱን ለባለሙያ ተዉ።

ስለ ውሃው ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ባለ ሻማ ማጣሪያ ደለሉን ይይዛል እንጂ የሟሟውን ካልሲየም አያወጣም። አምቦ ውሃ ማሽን ውስጥ አይገባም። ጭራሽ ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃም ጥሩ አይደለም፣ ቡናውን ጣዕም ያሳጣል፣ አንዳንድ ማሽኖችም ታንከሩ ሞልቶ እያለ ውሃ የለም ይላሉ።

ታጥቦ ሲያልቅ ያንኑ የ20 ሰከንድ ፈተና በዚያው ብርጭቆ ድገሙት። ቁጥሩ ከጨመረ ኖራ ነበር። ካልተነቃነቀ ወይ ፓምፑ ደክሟል ወይ ቫልቩ ተይዟል። ያኔ ሁለቱን ቁጥሮች ይዛችሁ ጠጋኝ ጋ ሂዱ፣ ማሽኑን ከመፍታቱ በፊት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።