የቫስኩላር ዲሜንሺያ (የአንጎል ደም ስሮች ጉዳት የሚያመጣው የመርሳት በሽታ) ታማሚ ላይ የተሠራ ቲኤምኤስ ስታነቡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቲኤምኤስ (አንጎልን ከውጭ በማግኔት የማነቃቃት ዘዴ) ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ባርከር የሚባለው ሰውዬ ከባልደረቦቹ ጋር እንግሊዝ ሼፊልድ ላይ ነው ያሳየው። ጭንቅላት ላይ በሚያዝ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ሞተር ኮርቴክስን፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል ቅርፊት፣ በማግኔት ታነቃቃላችሁ፣ የእጅ ጡንቻ ምን ያህል እንደመለሰ ትለካላችሁ፣ በቃ።

ትልቁ ስህተት «ትሬሾልዱ (ጡንቻው እንዲመልስ የሚያስፈልገው ትንሹ የማግኔት ኃይል) ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ አንጎላቸው ደህና ነው» ማለት ነው። እንደዛ አይደለም! ዝቅ አለ ማለት ኮርቴክሱ በትንሽ ኃይል ይነሳል ማለት ነው፣ ቫስኩላር ዲሜንሺያ ላይ ደግሞ በተለይ ትንንሾቹ የደም ስሮች ተጎድተው ከስር ያለው ነጭ ክፍል ሲበላሽ ይሄ በጥናት ታይቷል፣ ኮርቴክሱን የሚያረጋጋው ነገር ስለላላ ነው የሚሉ አሉ፣ አንጎል ጉዳቱን ለማካካስ ሲታገል ነው የሚሉም አሉ፣ እኔ ሁለቱም አብረው ያሉ ይመስለኛል። በየትኛውም ቢሆን ለቤተሰብ የምሥራች ተብሎ የሚነገር ቁጥር አይደለም፣ ሰው በከንቱ ተስፋ ሲያደርግ ማየት ያማል።

ሁለተኛው ጡንቻው ሳይላላ መለካት ነው። ትሬሾልድ የሚባለው ጡንቻው ዘና ብሎ እያለ ከ10 ሙከራ በ5ቱ ቢያንስ 50 ማይክሮቮልት የሚያስመልሰው ትንሹ ኃይል ነው። የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ እጁን እንዲያላላ የተነገረውን ወዲያው ይረሳና ጨበጥ ያደርጋል፣ ትንሽ ከጨበጠ ምላሹ ያድግና ትሬሾልዱ በውሸት ዝቅ ይላል። ስለዚህ በየመሃሉ «አባባ፣ እጅዎን ይልቀቁት» እያሉ በትዕግስት ማስታወስ፣ ኢኤምጂው (የጡንቻውን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ቅጂ) ዝም ማለቱንም እያዩ መቀጠል ነው።

መድኃኒት ሳይጠይቁ መጀመርም አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ትሬሾልዱን ከፍ ያደርጉታል፣ ማረጋጊያው ዳያዜፓምም የራሱን ለውጥ ያመጣል።

ከአልዛይመር በአንድ ምርመራ ለመለየት መቸኮልም ያሳስታል። የእጅ አንጓ ላይ ነርቩን በኤሌክትሪክ ነክተው ከ20 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ማግኔቱ ሲመጣ የጡንቻው ምላሽ መቀነስ አለበት፣ አልዛይመር ላይ ይሄ ቅነሳ ይዳከማል፣ ነገሩ አሴቲልኮሊን ከሚባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ጋር የተያያዘ ነው። ቫስኩላር ላይ ግን አንዱ ጋ ደህና ሌላው ጋ የተዳከመ ሆኖ ይገኛል፣ ሁለቱ በሽታ አንድ ሰው ላይ መገናኘቱም ብዙ ነው። ኤምአርአይው፣ የደም ግፊቱ፣ የስትሮክ ታሪኩ ሳይታይ በቲኤምኤስ ብቻ ስም አትስጡ።

ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ብረት ወይም የጆሮ ኢምፕላንት ካለ፣ የሚጥል በሽታ ታሪክም ካለ፣ ኮይሉ ከመነካቱ በፊት ይጠየቅ፣ ታማሚው ራሱ ላያስታውስ ስለሚችል አስታማሚውን ጠይቁ።